ጌሙ ላይ ያልደረሰው የእማዬ ጉንጉን

ይድረስ ለምወድህ፣ ለምትናፍቀኝ፣ ሰሞኑን ግን ለተቀየምኩህ ታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ ወንድምዓለም? ጤናህስ? ያ ከወንበር ጋር ተሰፍቶ የሚውለው ወገብህ ተሻለው ወይ? ዓይንህስ? መነጽር ቀይር ተብለህ ነበር፣ ቀየርክ ወይስ አሁንም ያንን ጆሮው በፕላስተር የተጠገነውን ነው የምታደርገው? ሚስትህ እንዴት ናት? ትንሿ ልጅህስ ጥርስ አወጣች? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ባለቤቴ ደህና ነው፤ ብየዳ ቤቱ ውሎ ማታ ፊቱ ጠቁሮ ይመጣል፣ ሳቁ ግን እንዳለ ነው። እኔም እንደምታውቀኝ ነኝ፣ እጄ ፀጉር ይሠራል፣ አፌ ወሬ ይሠራል፣ ሁለቱም አይደክማቸውም። እማዬም ደህና ናት። ስለ እሷ ግን ረጋ ብዬ ነው የምጽፍልህ፣ ይህ ሁሉ ወረቀት የሚያልቀው በእሷ ጉዳይ ነውና።

ደብዳቤ የጻፍኩልህ ስልክ አጥቼ እንዳይመስልህ። ስልክህ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ከዚያ ያቺ ሴትዮ ትመጣና የደወልኩለት ሰው መልስ እንደማይሰጥ ትነግረኛለች። ካንተ ይልቅ ከእሷ ጋር ተላምደናል። በጽሑፍ ስጠይቅህ «ሥራ በዝቶብኝ ነው እህትዓለም» ብለህ ትዘጋኛለህ። እማዬ ስትደውል ደግሞ ሚስትህ ታነሳና «አሁን ወጣ» ትላታለች። ሁልጊዜ አሁን ወጣ። የምትገባው መቼ ነው ታዲያ? ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለነርሷ ሰጥቻታለሁ። ታውቃታለህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉሯን የምሠራት፣ እማዬን በሕመሟ ጊዜ ሐኪም ቤት ስትንከባከባት የነበረችው። ለሥልጠና ወደ እናንተ ከተማ ነገ ትነሳለች። በእጁ ስጪው፣ አንብቦ እስኪጨርስ ከፊቱ እንዳትነቃነቂ፣ እምቢ ካለ መርፌሽን አውጪበት ብያታለሁ። እሺ ብላኛለች፣ ቀልድ አታውቅም።

ለምን እንደተደበቅክ አላወቀችም ብለህ ከሆነ ተሳስተሃል። በጌሙ፣ በምትሠሩት የኮምፒውተር ጨዋታ ምክንያት ነው። አንድ በአንድ ላስታውስህ፣ ምክንያቱም እኔም በጣም ተናድጃለሁ፣ ንዴቴን ደግሞ ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ አይወጣልኝም።

አምና ደውለህ «የእማዬን የድሮ ጉንጉን እንዴት እንደሚጎነጎን ከቅርብ ቅረጪና ላኪልኝ» አልከኝ። ረዳቴን ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፣ ባለቤቴ ስልኩን ጣቶቼ ላይ ደገነ፣ እኔ ስጎነጉን ስፈታ፣ ስጎነጉን ስፈታ ዋልኩ። ባለቤቴ ብየዳ እንደሚያይ ሰው ፊቱን አጨማዶ «ቀስ በይ፣ ጣትሽ ጠፋብኝ» ይለኛል፣ ረዳቴ ደግሞ «እኔ አንገቴ ጠፋብኝ» ትላለች። ጌሙ ጀልባ ስለምትነዳ ሴት ነው፣ እኔ የምሠራው የእሷን ፀጉር ነው ብለህ ስትነግረኝ ስንት ቀን ስቄያለሁ። አንድ እናት ሁለት ፀጉር ሠሪ ወለደች፣ አንዷ በሚዶ፣ አንዱ በኮምፒውተር።

ከዚያ የጌሙ ማስታወቂያ ወጣ። እውነቱን ልንገርህ፣ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ዝናብ ይዘንባል፣ ሴትየዋ ጀልባዋ ጫፍ ላይ ቆማለች። ዞር ስትል ጉንጉኗ ከጀርባዋ ተንሸራቶ ትከሻዋ ላይ ያርፋል። እያንዳንዱ ዘለላ ለብቻው ይታያል፣ ውሃው ከጉንጉኑ ጫፍ ጠብ ጠብ ይላል። ግንባሯ ላይ ደግሞ ያቺ እምቢተኛ ዘለላ አለች፣ እማዬ በውሃ ብታስተኛት፣ በቅባት ብታስተኛት መልሳ የምትነሳባት። በልጅነታችን «ይቺ ፀጉር አንተን ትመስላለች፣ ተኛ ሲሏት አትተኛም» ትልህ የነበረው ስለ እሷ ነው።

ጊዜው ያኔ ምን እንደነበር ታውቃለህ። መድኃኒቱ የእማዬን ፀጉር ጠራርጎ የወሰደበት ሰሞን ነው። ሻሿን እኔ ፊት እንኳን አታወልቅም ነበር፣ እኔ ፀጉር ሠሪዋ ልጇ ፊት። ማስታወቂያውን ስልኬ ላይ ከፍቼ ሰጠኋት። አየችው፣ ደግማ አየችው። ከዚያ ሻሿን ፈትታ ጭኗ ላይ አጣጥፋ አስቀመጠችና «ፀጉሬ ልጄ ዘንድ ነው ያለው ለካ» አለች። እኔ ፎጣ ላመጣ ነው ብዬ ወጣሁ፣ ፎጣ ግን አላመጣሁም። ከዚያ ወዲያ ሐኪም ቤት በሄድን ቁጥር መድኃኒቱ ወደ ክንዷ እየገባ እሷ ማስታወቂያህን ታያለች። አጠገቧ ለተኛችው ሴትዮ ሳይቀር ታሳያታለች።

እኔ ደግሞ መቼ ዝም እላለሁ። ፀጉር ቤቱ ቴሌቪዥን ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ለቀቅኩት። ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የገቡት ስለማይሰሙኝ እየጮህኩ «የወንድሜ ሥራ ነው» እላቸዋለሁ። ብዙም ሳይቆይ «የጀልባዋን ሴት ሥሪኝ» ማለት የሰፈራችን ፋሽን ሆነ። በዚያ ጉንጉን ሙሽራ ድሬያለሁ።

እንግዲህ ጌሙ ወጣ የተባለ ዕለት ነርሷ የባሏን የጌም ማጫወቻ በዘንቢል ይዛ መጣች። ባለቤቴ ሽቦውን አገናኘ። ደንበኞቹ ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞሩ፣ አንዷ ግማሽ ራሷ በቢጎዲን ተጠቅልሎ ግማሹ ተበትኖ ነው የተቀመጠችው። እማዬ ደክሟት ቤት ተኝታ ነበር፣ ደግነቱ። ጌሙ ተከፈተ። ሴትየዋ ጀልባዋ ላይ ቆማለች፣ ዝናቡም አለ። ዞር አለች።

ወንድሜ፣ ያ ምንድን ነው? ራሷ ላይ ያለው ፀጉር ነው ወይስ ቡኒ ቆብ? አንድ ላይ ተለጥፎ ድርቅ ብሏል። ዝናቡ ይወርዳል፣ ፀጉሯ ግን ጠብታ አልነካውም። ጉንጉኑ ደግሞ ስትዞር ትከሻዋ ላይ አያርፍም፣ ትከሻዋን በስቶ ይገባና በብብቷ ሥር ብቅ ይላል። ባለቤቴ ቴሌቪዥኑን በጎኑ መታው። ነርሷ ስክሪኑን በአልኮል ጠረገችው። እኔ ሽቦውን ነቅዬ ሰካሁ፣ ብርሃኑን ጨመርኩ፣ ቀነስኩ። ቆቡ ቆብ ነው። በመጨረሻ ያቺ ባለ ቢጎዲኗ በመስታወቱ ውስጥ እያየችኝ «እኔን ግን ማስታወቂያውን ነው የምትሠሪኝ አይደል?» አለች። ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። እኔም ሳቅሁ፣ ፊቴ ግን ይቃጠል ነበር።

ወዲያው ደወልኩልህ፣ ያኔ አንስተሃል፣ ለመጨረሻ ጊዜ። ማስታወቂያው የተሠራው በትልልቅ ኮምፒውተር ነው፣ ጌሙ ግን በየሰው ቤት ባለው ማጫወቻ ላይ መሮጥ አለበት፣ ፀጉር ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል አልከኝ። አለቆችህ ባሕሩ አይነካ፣ ጀልባው አይነካ፣ ፀጉሩን ቁረጡ ብለው ወሰኑ። አንተም ራስህ የሠራኸውን ራስህ ቆረጥክ። ድምፅህ ወረደ፣ «ለእማዬ ምን እላታለሁ» ብለህ ዘጋኸው። እኔ አለቆችህን አላውቃቸውም፣ ግን አንድ ነገር ጠይቅልኝ። የማይሰጡትን ለምን ያሳያሉ? እኔ ደንበኛዬን የሙሽራ ፎቶ አሳይቼ ቆብ ደፍቼ ብልካት በሚዶዬ ነበር የምትመታኝ። አዎ፣ አውቃለሁ፣ ግድግዳዬ ላይ ያሉትስ ፎቶዎች ትለኛለህ። ከመካከላቸው አንዷን እስከ ዛሬ ለማንም ሠርቼ አላውቅም። ከንዴቴ ብዛት በማግስቱ አወረድኳት፣ ከጀርባዋ የነበረው የግድግዳ እርጥበት አፍጥጦ ወጣ እንጂ ሌላ ያተረፍኩት የለም።

የከበደኝ የእማዬ ነገር ነው። «ጌሙ ወጣ ወይ?» ስትለኝ «ገና ነው፣ ዘግይቷል» አልኳት። ማጫወቻውን ነርሷን አስፈቅጄ ከፎጣዎቹ ሥር ሸሸግኩት። ቴሌቪዥኑ ላይ ማስታወቂያውን መልሼ ለቀቅኩ፣ ደንበኞቼንም በዓይኔ አፋቸውን አዘጋኋቸው። እሷ ግን ያንተን ዝምታ ትቆጥራለች። «ልጁ ታሟል፣ ትደብቁኛላችሁ» ትላለች። «ሥራ በዝቶበት ነው» ስላት «ሥራ የበዛበት ሰው ድምፁ ይቸኩላል እንጂ አይጠፋም» አለችኝ። በዚህ መሃል የምርመራ ቀጠሮዋ ደረሰ። የሚመጣው ሐሙስ ነው፣ ሕመሙ መልቀቅ አለመልቀቁን የሚያዩበት ዋናው ምርመራ። ልብስሽን ላዘጋጅ ስላት «የልጄን ድምፅ ሳልሰማ የትም አልሄድም» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሐኪሙ ቢለምናት፣ ባለቤቴ ቢያሾፍባት፣ እኔ ብቆጣ፣ ወይ ፍንክች። አንተ የማን ልጅ እንደሆንክ ያኔ ነው የታየኝ።

ባለፈው ረቡዕ ታዲያ ቅባት ልገዛ ወጥቼ ስመለስ የፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። እማዬ ፎጣ ፍለጋ ቁም ሣጥኑን ከፍታ ማጫወቻውን አግኝታዋለች። ነርሷን «ይሄ የልጄ ነው አይደል? ክፈቺልኝ» ስትላት፣ ቀልድ የማታውቀው ነርስ ውሸትም አታውቅ፣ ከፈተችላት። ሻሿ ጭኗ ላይ ነው፣ ጆይስቲኩን እንደ ትሪ በሁለት እጇ ይዛለች። ሴትየዋ ስክሪኑ ላይ ትዞራለች፣ ቆቧ፣ በብብቷ የሚወጣው ጉንጉን፣ ሁሉም አለ። እኔ ሮጬ ሽቦውን ልነቅል ስል «ተይ» አለችኝ።

ፀጉሯ መብቀል መጀመሩን ጽፌልህ ነበር። እንዴት እንደበቀለ ግን አልነገርኩህም። አጭር ነው፣ እንደ ብሩሽ ጥቅጥቅ ያለ፣ ሚዶ አይከፍለውም፣ ነፋስ አያነቃንቀውም። ቴሌቪዥኑን አየች፣ ዞር ብላ መስታወቱን አየች፣ በመዳፏ ራሷን ዳሰሰች። ከዚያ ትከሻዋ እስኪነቃነቅ ሳቀች። «ይኸው እኔን መሰለችኝ» አለች። «ያኛው የድሮዬ ነበር፣ ይሄኛው የአሁኑ ነው። ማን ነገረው?» ቀጥላ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ግንባሯን አሳየችኝ። እኔ ከንዴቴ የተነሳ አላየኋትም ነበር። ያቺ እምቢተኛ ዘለላ አለች። ያን ሁሉ ሲያስቆርጡህ እሷን አስቀርተሃታል። እማዬ የራሷን ግንባር ነካች፤ እዚያም ያቺው ዘለላ ከሁሉም ቀድማ ቆማለች።

እኔም ይህን አይቼ ነገሩ አለቀ ብዬ «ወንድሜ እኮ ዝም ያለው በዚህ ነው፣ አፍሮ ነው» አልኳት። አልነግራት ኖሮ ይሻልህ ነበር። ሳቋ ቆመ። ጆይስቲኩን አስቀመጠች። «በፀጉር?» አለች። «በፀጉር ምክንያት ነው ልጄ ከእኔ የሚደበቀው?» ደንበኞቹ ሁሉ መስታወት መስታወቱን ማየት ጀመሩ። ቀጥላ የተናገረችውን ቃል በቃል ጻፊለት ስላለችኝ እንደወረደ እጽፍልሃለሁ። «በይው፣ እኔ ራሴ ተላጭቶ እንኳን ሐኪም ቤት ሄጃለሁ፣ ገበያ ወጥቻለሁ፣ ከማንም አልተደበቅኩም። እሱ የተላጨችበት አሻንጉሊቱ ናት።»

ስለዚህ ወንድምዓለም፣ ጉዳዩ አሁን የጌም አይደለም። በአለቆችህ መናደዴን አልተውኩም፣ ቆቡንም አልወደድኩትም፣ ፀጉር ሠሪ ነኝና መቼም አልወደውም። ግን ምርመራው ሐሙስ ነው፣ ሐሙስ ደግሞ አይጠብቅም። ነርሷ እፊትህ ቆማ አንተ ይህን ስታነብ ስልክህ ኪስህ ውስጥ ነው። የምትላትን አታዘጋጅ፣ ይቅርታም አትፈልግ። ወገቤን አመመኝ በላት፣ ልጅህን አስለቅሳት፣ የፈለግከውን አሰማት፣ ብቻ ድምፅህን ትስማው።

ለሚስትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፣ «አሁን ወጣ» የምትለዋን ነገር ግን ትተው፣ አታምርባትም። ትንሿን ግንባሯን ሳምልኝ፣ እዚያ ላይ የምትቆም ፀጉር ካለች አታስተኟት። ባለቤቴ «ቴሌቪዥኑን ስለመታሁት ይቅርታ በይልኝ» ብሏል፣ ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ እንዳልነበረ አሁን ገብቶታል። ረዳቴ ሰላም ትልሃለች፣ አንገቷ ተመልሷል፣ ደግመህ ቅረጹልኝ ብትል ግን ሥራ እለቃለሁ ብላለች። ደንበኞቼ ሁሉ እጅ ነስተውሃል፤ የጀልባዋን ጉንጉን አሁንም ያሠሩኛል፣ የማስታወቂያውን ማለት ነው።

እማዬ ሰላምታ አልላከችልህም። ሲደውል እራሴ እሰጠዋለሁ ብላለች።

እህትህ

ከፀጉር ቤቱ፣ ከመስታወቱ ፊት ካለው ወንበር
ቅዳሜ፣ ኅዳር 14 ቀን