የሀያት ክንድ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

እንዴት ብዬ ልጻፈው? የሀያትን እንቁላል የምበላው እኔ ነኝ። ዛሬ ብቻ አይደለም።

አክስቴ ዘሃራ መገናኛ ልብስ ልትሸጥ በጠዋት ስትወጣ ለልጇ እንቁላልና ገንፎ አዘጋጅታልኝ ትሄዳለች። ሀያት ሁለት ዓመቷ ነው። ማንኪያ ስታይ አፏን ገጥማ ታለቅሳለች፤ ጎረቤት እየመታኋት እንዳይመስለው እፈራለሁ። ከብሎካችን ሥር ካለው ሱቅ የድንች ቺፕስ ስገዛላት ዝም ትላለች። ድንች ምግብ ነው። እኛም ወሎ ድንች ቀቅለን እየበላን ነው ያደግነው። እንቁላሉን መድፋት ነውር ስለሆነ በላሁት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጣች። አክስቴ ገና አልወጣችም ነበር። የሀያት ክንድ ላይ ባለቀለም መለኪያ ጠመጠመች። ቢጫው ላይ ቆመ። ቢጫ ምግብ አንሷታል ማለት ነው።

«ምን ትበላለች?»

«ኧረ ሲስተር! እንቁላል፣ ገንፎ፣ ወተት... ምን ጎድሎባት!» አለች አክስቴ።

ሲስተሯ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ የኔ ቆንጆ፣ ቺፕስ ምናምን አትሰጫትም?»

እንደማልሰጥ ራሴን ነቀነቅኩ።

«ጎሽ። ድንች ነው ብለው ይሰጣሉ፤ ዘይትና ጨው ነው። ሆዷን ሞልቶ ምግቡን ያስጠላታል እንጂ አያሳድጋትም።»

አክስቴ ሳቀች። «እሷ እንኳን ልትዋሽ፣ እውነቱን ለመናገርም አፍ የላትም!»

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ቺፕስ አልገዛሁም። ሀያት እስከ ስድስት ሰዓት አለቀሰች። ከዚያ ሦስት ማንኪያ ገንፎ ዋጠች። ሦስት! አራተኛውን ፊቴ ላይ ተፋችው። ቢሆንም ደስ አለኝ።

ደስታዬ አልቆየም። አክስቴ ስትመለስ ወሎ ላለችው እናቴ ደውላ፣ «እየበላች ከሳችብኝ፤ እንቁላሉ አልተስማማትም መሰለኝ፣ አቆምኩት። ያንን የሀገር ቤት የሆድ መድኃኒት ላኪልኝ፤ ጠርጎ ያውጣላት» አለቻት።

እንቁላሉ ምን አጠፋ? ብናገር ደግሞ ላምበረት መናኸሪያ ወስዳ የወሎ አውቶቡስ ላይ ትጭነኛለች። እናቴን በምን ዓይኔ አያታለሁ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

እንቁላል አልተቀመጠም። ገንፎ ብቻ። አምስት ማንኪያ በላች።

መድኃኒቱ ቅዳሜ ይደርሳል አሉ። ሀያት ስትተኛ ክንዷን በሁለት ጣቴ ያዝኩት። ጣቶቼ ተገናኝተው ተረፉ። የዚች ሆድ ነው የሚጠረገው? ብትሞትስ?

ነገ አክስቴ ጫማዋን ሳታደርግ እነግራታለሁ። ፊቷን ካየሁ እንደማልችል አውቃለሁ። ስለዚህ ሀያትን ታቅፌ የሀያትን ፊት እያየሁ ነው የምናገረው። መጀመሪያ መድኃኒቱን እንዳትሰጣት። ቀጥሎ ስለ ቺፕሱ። እንቁላሉን መጨረሻ ላይ፣ ድምፅ ከተረፈኝ።