የፊት ቀኝ ጎማ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5
እማዬን ለኩላሊት እጥበት አድርሼ መለስኩ። መንገዱ ደህና ነበር። ስንመለስ ግን ፍጥነቴ ከስልሳ ሲያልፍ ያ ድምፅ... ከፊት፣ በቀኝ በኩል። ከሩቅ እንደሚሰማ ወፍጮ። ሬዲዮ ከፈትኩበት። "ዝጊው፣ ራሴን አመመኝ" አለች እማዬ። ዘጋሁት። ያኛው አልተዘጋም።
ሰኔ ላይ የዚያ ጎማ ኩሽኔታ፣ ጎማው የሚሽከረከርበት የብረት ቀለበት፣ ተቀየረ። ነሐሴ ላይ እንደገና ተቀየረ። አሁንስ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
ጋሼ ጋራዥ ሄድኩ። የአባዬ ጓደኛ ናቸው። አባዬ ይቺን መኪና ከገዛት ጀምሮ ሌላ መካኒክ ነክቷት አያውቅም። በክሪክ አነሷት፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወዘወዙት። ቀጭ፣ ቀጭ።
"አልቋል።"
"እንዴ ጋሼ፣ ነሐሴ ላይ አይደል እንዴ የቀየርነው?"
"የዘንድሮ ዕቃ ምን ዕቃ አለው? ወረቀት ነው። ደሞ አራት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደች መኪና... እኔና አንቺ ያን ያህል ብንሄድ ጉልበት ይተርፈን ነበር?"
ሳቅኩ። ሁሌም ያስቁኛል።
ሊገጥሙ ሲሉ "ውጪ ፀሐይ ሙቂ፣ እዚህ ዘይት ይነካሻል" አሉኝ። ወጣሁ። የመዶሻ ድምፅ ብቻ። ብዙ መዶሻ።

አርብ፣ ጥቅምት 8
መኪናዋ ፀጥ ብላለች። እማዬ መንገዱን ሙሉ ተኛች። ጋሼ ኑሩልኝ።

ማክሰኞ፣ ህዳር 17
ጣቶቼ በፋሻ ተጠቅልለዋል፣ ጽሑፌ ለራሴም አይነበብ።
መኪናዋ ከተሠራች ስድስት ሳምንት እንኳን አልሞላትም። ወደ ሕክምናው ግማሽ መንገድ ላይ መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀጥሎ የተቃጠለ ግራሶ ሽታ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ጎማው ዘመም ብሏል፣ ከመሃሉ ጭስ ይወጣል። ሞኝ ነኝ፣ ብረቱን ነካሁት።
"ምንድን ነው?" አለች እማዬ ከኋላ ወንበር።
"ምንም አይደል።"
"ምንም ካልሆነ ለምን ታለቅሻለሽ?"
ማልቀሴን አላወቅኩም ነበር።
መኪናዋን የጭነት መኪና ጎትቶ ቅርብ ያለ ጋራዥ አስገባልኝ። እኛ በሚኒባስ ደረስን፣ ግን ተራዋ አልፏል። አራት ሰዓት የሚፈጀው እጥበት ሁለት ሰዓት ብቻ ሆነ። ቤት ስንገባ ጫማዋ ከእግሯ አልወጣ አለ፣ እግሯ አብጦ።

ረቡዕ፣ ህዳር 18
ጋራዡ ሄድኩ። መካኒኳ ሴት ናት፣ "ረጅሟ" ይሏታል። እውነትም በሩን ጎንበስ ብላ ነው የምታልፈው። ኩሽኔታውን አውጥታ፣ የሚቀመጥበትን ክብ ብረት ጠርጋ ባትሪ አበራችልኝ።
"ነጠብጣቦቹ ይታዩሻል እህቴ?"
ይታዩኛል። ዙሪያውን፣ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ።
"የኩሽኔታው ቤት ተፋፍቆ ሰፍቷል። አዲስ ኩሽኔታ ሲገባበት ይላወሳል። እንዳይላወስ በሹል ብረት ነቁጠው አሳበጡት። እንዲህ ተደርጎ ጥቂት ሳምንት ይይዛል፣ ከዚያ የገባውን ሁሉ ይበላል።"
"የማያውቅ ሰው ነዋ የሠራው?"
ራሷን ነቀነቀች። "የማያውቅ ሰውማ ይሄ አይመጣለትም። በደንብ የሚያውቅ ሰው ነው።"
ጋሼ ያውቁ ነበር ማለት ነው...

ሐሙስ፣ ህዳር 19
ጋሼ ጋር አልሄድኩም። ምን ልበላቸው? አባዬ የሞተ ዕለት ከእኔ እኩል ያለቀሱ ሰው። ግን ጎማው ወልቆ ቢሆንስ? እማዬ ከኋላ ተኝታ?

ቅዳሜ፣ ህዳር 21
ሄድኩ። ብቻቸውን ነበሩ። ፋሻውን አዩ፣ ከዚያ ፊቴን።
"ነጠብጣቦቹን አየኋቸው ጋሼ።"
እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ። ንጹሕ እጅ።
"መቼ ነው የተበላሸው?"
"ሰኔ ላይ። አሮጌውን ሳወጣ። ዓይኔ... ይሄኛው ጭጋግ ነው። መዶሻው ሳተኝና ቤቱን ፋቀው። አንዴ መሰለሽ?"
"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"
"ብነግርሽ ሌላ ጋ ትሄጃለሽ። የቀረሽኝ አንቺ ነሽ፣ ሌላው ደንበኛ ሁሉ ሄዷል።"
"እናቴ ነበረች እኮ ውስጥ!"
ጮህኩ። በዕድሜዬ ጋሼ ላይ ጮኼ አላውቅም። ጎረቤት ያለው ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ሥራውን አቆመ።
የመፍቻ ሳጥናቸው ላይ ቁጭ አሉ። ልወጣ ስል "የት ነው ያለችው?" ብለው ጠየቁኝ። መኪናዋን ማለታቸው ነው። ነገርኳቸው።
አሳዘኑኝ? አዎ። ይቅር አልኳቸው? እንጃ።

ሐሙስ፣ ህዳር 26
ረጅሟ ጋ ስደርስ ጋሼ በሩ ላይ ቆመዋል። ከባድ ብረት እንደ ሕፃን አቅፈዋል። ከተጋጨች ተመሳሳይ መኪና የወጣ፣ ኩሽኔታው የሚገባበት ሙሉ ብረት። "እኔ አልፈታሁትም፣ አስፈትቼ ነው" አሉ፣ ሳልጠይቃቸው።
ረጅሟ ለካችው። "ጤነኛ ነው" አለች። አዲሱን ኩሽኔታ በፕሬስ፣ በመጫኛው ማሽን፣ ቀስ አድርጋ አስገባችው። አንድም የመዶሻ ምት የለም። ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አዩ። ብዙ አዩ።
ጎማው ሊገጠም ሲል ረጅሟ ትልቁን መፍቻ ዘረጋችላቸው።
"ጋሼ፣ የመሃሉን ብሎን እርስዎ ያጥብቁልኝ።"
አክብራቸው ነው። እኔ እምቢ ልል ነበር።
እጃቸው ግማሽ መንገድ ሄደ... ተመለሰ።
"አንቺ አጥብቂው" አሏት። "እናቷን ነው የምትጭንበት።"