ድርቆሽ በአምቡሊ

ጥቅምት 8፣ 2001 ዓ.ም.
ዛሬም ከካርቲዬ 2 ገበያ የገዛሁትን ድርቆሽ ፍየሎቹ አሽትተው ተዉት። ሻግቷል። መንገድ ላይ ዝናብ መቶት ይሆናል... ባሌ ባሺር ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። አምቡሊ፣ ወንዙ ዳር፣ በስሜ አድርጎ የተወልኝ መሬት ጦሙን ያድራል፤ እኔ የሰው ድርቆሽ እገዛለሁ። ወተት ሸጣ የምትኖር ሴት የራሷን ሳር ለምን አታበቅልም?

ለኻሊዳ፣ ለባሺር እህት፣ ነገርኳት። "ሽጪውና ዕረፊ" አለች። ሌላ ቃል የላትም።

ጥቅምት 21
ከአገር ቤት ጭነት የሚያመላልሰው ሾፌር ሁንዴ ከአዳማ ዘር አመጣልኝ። ሮደስ የሚሉት ሳር ነው። እንደ ላባ ይቀላል። "እህቴ፣ ላዩ ላይ ነስነስ አድርጊው እንጂ እንዳትቀብሪው" ብሎኝ ነበር። ነፋሱ እያነሳ ሲወስድብኝ ጊዜ... ቀበርኩት። እንደ በቆሎ።

ኅዳር 12
ምንም።

ኅዳር 19
አሁንም ምንም። ቆፈር አድርጌ ባይ ዘሩ በስብሷል። በገዛ እጄ! የተረፈኝን ዛሬ ዘራሁ። በዚህኛው ዙር ሁንዴ እንዳለኝ ነሰነስኩና የዘንባባ ዝንጣፊ ጎተትኩበት።

ኅዳር 29
በቀለ! እንደ ሕፃን ፀጉር ስስ ነው። ብቻዬን ሳቅሁ።

ታኅሣሥ 16
ጫፉ እየተቃጠለ ነው። ውሃ አንሶት ነው ብዬ ከጉድጓዱ እየቀዳሁ ጠዋትም ማታም አጠጣሁት። ባሰበት። አፈሩ ላይ ነጭ ነገር ወጥቷል... ምን አድርጊ ነው የሚለኝ ይሄ መሬት?

ታኅሣሥ 20
ኻሊዳ ሳልጠራት መጣች። ሳሩን አየት አደረገች። ከባልዲው በእፍኟ ጨለፍ አድርጋ ቀመሰችና ተፋችው።

"ከዚህ ጉድጓድ ነው የምታጠጪው? ጨው እኮ ነው! አባቴ የሚቀዳው ከላይኛው ነበር፤ ተምሩ ሥር ካለው። አሁን አሸዋ ሞልቶታል።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?"

እዚህ መሬት ላይ ተወልዳ ያደገችው እሷ ናት። እኔ ግን አፏን በከፈተች ቁጥር፣ ልትነጥቀኝ ነው እል ነበር። ውሃውንስ ራሴ ቀምሼው አላውቅም... ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ታኅሣሥ 24
ከኻሊዳ ጋር ከላይኛው ጉድጓድ አሸዋ ስንዝቅ ዋልን። ወገቤ ተቆረጠ። ውሃው ጣፋጭ ባይባልም ይጠጣል። ግማሹ ሳር ሞቷል። "የቀረው ራሱ ይስፋፋል" ትላለች። እስቲ...

መጋቢት 9
ትናንት አጨድኩት። ጉልበቴ ድረስ ደርሶ ነበር። ሌባ ይወስደዋል ብዬ ዛሬ ከመርኩት።

መጋቢት 14
እጄን ክምሩ ውስጥ ብከት ፈጀኝ። ውስጡ ሻግቷል። ሳይደርቅ ነው የከመርኩት። አምስት ወር ሙሉ ለፍቼ! የገበያዎቹን ስረግም ኖሬ እኔው ሻጋታ አመረትኩ። ተቀምጬ አለቀስኩ። በሳር ይለቀሳል?

ከዚያ ተነስቼ ኻሊዳ ቤት ሄድኩ። "ድርቆሽ እንዴት ነው የሚደርቀው?" አልኳት፣ በዚያው በተሰባበረው ሶማሊኛዬ። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። "ግቢ፣ ቁጭ በይ" አለችኝ።

ሚያዝያ 27
ሁለተኛው አጨዳ። ሦስት ቀን ስናገላብጠው ሰነበትን፤ አገዳውን ስትሰብረው "ቀጭ" እስኪል ድረስ። ካላለ ኻሊዳ አታስነካኝም። ዛሬ አሰርነው። ፍየሎቹ ከእጄ ነጠቁኝ።

አንድ ሰውዬ በሩ ላይ ቆሞ "የማን ድርቆሽ ነው?" አለ።

ኻሊዳ ቀደመችኝ። "የሷ ነው። ዋጋውን እሷን ጠይቅ።"

ዋጋ የሚባል ነገር አላሰብኩም ነበር። እስሩን ማስተካከል ያዝኩ። ሰውዬው ትንሽ ጠብቆኝ ሄደ።

"ምን ዓይነት ሴት ነሽ!" ብላ ጮኸችብኝና ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታጠልቅ ተከትላው ወጣች።

እኔ እስሩ ላይ ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ። ድምጿ ከመንገዱ ይሰማኛል። ስለ ሳሬ ትከራከራለች።