ተጠያቂ ቁጥር አራት

ይድረስ ለእህቴ፣ ከመጻሕፍትሽ መሃል ቀና ያልሽ ጊዜ፤

እንዴት ከርመሻል? ዓይንሽ እንዴት ነው? ንባብ ሲበዛ የሚነሳብሽ ራስ ምታትስ ተሻለሽ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም። አብሮኝ የሚሸከመውና አብሮኝ ማታ የሚማረው ጁነዲን «እኔ ጻፍኩለት» ቢልሽ እንዳታምኚው፤ እሱ ገና «በ»ን ከ«ሰ» አልለየም። እህል በረንዳ ካለ ተሸካሚ በጽሕፈት የሚደርስብኝ የለም። በጭነትማ ድሮም አልነበረም።

አሁን ወደ ነገሬ። አምና ለማስተርስሽ ስለ ተሸካሚዎች መብት ስታጠኚ፣ ከትምህርት ጓደኛሽ ጋር መጥተሽ ቃሌን የተቀበልሽኝ ቀን ትዝ ይልሻል? የጤፍ ጆንያ ላይ አስቀምጠሽኝ «ዕድሜዎ ስንት ነው?» አልሽኝ። ከልጅነትሽ ጀምሮ «ጋሼ፣ አንተ» ስትይኝ ኖረሽ ያን ቀን አንቱ ሆንኩ። እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። የሕግ ወግ ነው ብዬ «ሕግ እንኳ እኔን ሲያናግር አንቱ ብሎ ነው» እያልኩ ስፎክር ከረምኩ። «ቤተሰብ አለዎት?» ስትይኝ ሳቄን አፍኜ «አንዲት እህት አለችኝ» አልኩና ጠቀስኩሽ። አንቺ አልሳቅሽም። ጣቴን በማኅተም ቀለም ነክረሽ ቅጹ ላይ አሳረፍሽ። ግልባጩን ሰጠሽኝ፤ በላስቲክ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት።

የማታ ትምህርት የገባሁት ያንን ወረቀት ላነብ ነው። ይኸው ነገርኩሽ።

ፊደል ስንጨርስ አስተማሪያችን እትዬ ሎዛ የምትወዱትን ጽሑፍ አምጡና አንብቡ አሉን። ሌላው የሳሙና ካርቶን፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ይዞ መጣ። እኔ ደረቴን ነፍቼ «ይህ የሕግ ወረቀት ነው፣ እህቴ የጻፈችው!» ብዬ ተነሳሁ። «ተጠያቂ ቁጥር አራት። ስም፣ ዘውገ። የአባት ስም…» ላይ ቆምኩ። እትዬ ሎዛ ፊደሉ የከበደኝ መስሏቸው «አይዞህ፣ ቀጥል» አሉኝ። «በሪሁን» አልኩ። «ከአጥኚዋ ጋር ያለው ዝምድና፣ የለም።»

በእጅሽ ጽሕፈት ነው። ከክፍሉ ተማሪ የአባታችንን ስም የሚያውቀው ጁነዲን ብቻ ነበር። ዕድሜ ልኩን ሲያላግጥብኝ የኖረ ሰው ያን ቀን አንገቱን ደፋ። ያ ነው የገደለኝ።

ለመሆኑ በሪሁን ማነው? እህል በረንዳ ሚዛን የሚይዘው ከሆነ፣ እናታችን መልክ ትመርጥ ነበር። ጓንጉል ያንቺ ብቻ አባት የሆነው መቼ ነው? የሕግ ሰው ነሽ፤ ውርስ ወራሹ በሌለበት ይከፈላል እንዴ? መጀመሪያ «ዘመድ መጠየቅ ከልክለዋት ይሆናል» ብዬ ለራሴ ተሟገትኩልሽ። አይ ጠበቃ! ቅጹ ራሱ ከግርጌው «ዝምድና ካለ ይገለጽ፤ ጥናቱን አያግድም» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቦታውም ሰፊ ነበር፤ «ወንድሜ» የሚለው ተጽፎበት ይተርፍ ነበር።

ትናንት ደግሞ በጁነዲን እጅ አዲስ ቅጽ ደረሰኝ። አሻራው ስለ ደበዘዘ፣ መጻፍ የሚችል ሁሉ በገዛ እጁ ካልሞላ አማካሪሽ ጽሑፍሽን አይቀበሉም፣ ዘንድሮም አትመረቂም አሉ። መጻፍ መቻሌን በስልክ የፎከርኩልሽ እኔው ነኝ፤ ጠላቴ አፌ ነው። «እንደ በፊቱ ይሙላው» ብለሽ ላክሽበት።

ሞልቼዋለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታጥፎ ታገኚዋለሽ። ስርዝ ድልዝ የለውም።

ካባው ያምርብሽ። የድሃ ጠበቃ ያድርግሽ፤ ሐሰተኛ ምስክር አይግጠምሽ። ከራስ ምታቱም ይማርሽ። ፊርማን በተመለከተ፣ እትዬ ሎዛ እስካሁን ያስተማሩኝ አንድ ብቻ ነው። እዚህም፣ ቅጹም ላይ የጻፍኩት እሱኑ ነው።

ወንድምሽ
ዘውገ ጓንጉል