የሰካራሙ ወንበር

ጥቅ. 28፣ እሑድ፣ 9 ሰዓት

እንደ ሁልጊዜው እናቴን በሰቃ ሰፈር ጠይቄ ወደ ጣቢያ። ባቡሩ ዘግይቷል። ዝናብ። ጣቢያው በር ላይ ያለው የድንጋዩ ምግብ ቤት ገባሁ። እናቴ በዚህ በር አታልፍም፤ ገበያ ስትሄድ በድልድዩ ትዞራለች። እኔም እስከ ዛሬ ገብቼ አላውቅም። በዝናቡ ላሳብብ? ላንተ አልዋሽም፣ ደብተሬ። ወንበሩን ማየት ፈልጌ ነው።

ጥግ ላይ ነው። ቀይ ቀለም ተቀብቷል። የተቀመጠበት ባቡር ያመልጠዋል ይባላል። አንድ ነጋዴ ሊቀመጥ ሲል አስተናጋጇ፣ «ይተዉ ጋሼ፣ ደብረ ዘይት በእግርዎ ሊገቡ ነው?» አለችው። ቤቱ ሳቀ።

ታሪኩን የሚተርከው ባለቤቱ ጋሽ ታፈሰ ነው፤ ለመጣ እንግዳ ሁሉ። ድሮ አንድ ሐዲድ አዟሪ እዚህ ወንበር ላይ ጠላ ሲገለብጥ አረፈደ። ባቡሩን ወደ ሌላ ሐዲድ የሚመራውን ማዞሪያ ሳይመልስ ቀረ። ሁለት ፉርጎ ከሐዲድ ወጣ፤ ሰውየው ተባረረ። ስሙን አይጠራም። «ሰካራሙ» ይለዋል።

ሰካራሙ አባቴ ነው። በየነ። ጠላ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ከባቡር ድርጅቱ ቤት አስወጡን፤ እሱ ፋብሪካ በር ላይ ጥጥ ሲሸከም ሞተ። እኔን አያቴ ወስደው አሳደጉኝ፤ የምጠራውም በእሳቸው ስም ነው። ጋሽ ታፈሰ አላወቀኝም። በአፌ አንቱ አልኩት።

ሮስቶው ጥሩ ነበር። ይሄም አናደደኝ።

ኅዳር 3፣ ዓርብ

ሆን ብዬ ተመለስኩ። ስፓጌቲ በቲማቲም፤ ጾም ነው። ጋሽ ታፈሰ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ጋዜጣ ላይ እንደምጽፍ ሰምቷል። ሰውየው ሲጠጣ በዓይንዎ አይተዋል ወይ አልኩት።

አላየም። ያኔ እዚሁ አስተናጋጅ ነበር። ፈረንሳይኛ ስለሚችል የባቡሩ ፈረንሳዊ ሹም ለምርመራው አስተርጓሚ አደረገው። ምን ጠጥተሃል ተብሎ ሲጠየቅ ሰውየው ጠበል ቀምሼ ነው የመጣሁት አለ። ጋሽ ታፈሰ ጠላ ብሎ ተረጎመው።

«ታዲያስ፣ የኔ ወንድም? ‹ጠበል ቅመሱ› ተብለህ ሄደህ ውኃ ጠጥተህ ተመልሰህ ታውቃለህ?»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እንዴት እንደሳቅሁ አላውቅም።

ፍልሰታ ነበር። በፍልሰታ ማን ድግስ ይደግሳል? አባቴ ጎሕ ሲቀድ በባዶ ሆዱ ጠበል ጠጥቶ ሥራ ገባ። እናቴ አብራው ነበረች። ማዞሪያው ላልቷል ብሎ ሁለት ጊዜ አመልክቶ ነበር። ግን መጠጥ ከተገኘ ብረቱን ማን ያያል።

ወንበሩስ? እሱን ጋሽ ታፈሰ ራሱ ከዓመታት በኋላ ከገበያ ገዝቶ ቀባው። ታሪክ መቀመጫ ይፈልጋል አለኝ።

ለኅዳር ሚካኤል እንግዳ ይጠራል። ታሪኩን በሰሌዳ አስጽፎ ከወንበሩ በላይ ሊሰቅል ነው። ባማረ አማርኛ ጻፍልኝ አለኝ፤ አንተው በበዓሉ ታነበዋለህ። እሺ አልኩ። ሳላስብ።

ኅዳር 5፣ እሑድ

ለእናቴ ነገርኳት። ተወው፣ ሽማግሌ ነው አለች። ምስር መልቀሟን ቀጠለች። ሰፌዱ ግማሽ ሲደርስ ቀና ሳትል፣ የአባትህን ስም በትልቁ ጻፈው አለች።

ኅዳር 8፣ ረቡዕ

ሰሌዳው አልቋል። እጄ እስካሁን ቀለም ቀለም ይሸታል። የተጻፈው ይህ ነው፦

«ሐዲድ አዟሪው በየነ በዚህ ወንበር ተቀምጦ አያውቅም። የጠጣው ጠበል ነበር። ጠላ ያደረገው አስተርጓሚው፣ የዚህ ቤት ጌታ ነው።»

የጋሽ ታፈሰን ዓይን ሞራ ጋርዶታል። እስቲ አንብብልኝ አለ። ሰሌዳውን ፊቱ አቁሜ ሌላ አነበብኩለት፤ ጠላውን፣ ሰካራሙን፣ ቀዩን ወንበር። ራሱን ነቀነቀ። አንድ ቦታ ላይ ድገመው አለኝ፤ ደገምኩለት። እጅህን ይባርከው አለ። አሜን አልኩ።

ዋሸሁ? ፊደሉን የማያይ ሰው ፊት ቃል ለወጥኩ። እሱም ቋንቋውን የማይሰማ ሰው ፊት ያደረገው ይህንኑ ነው። አባቴም እንደዚሁ ራሱን እየነቀነቀ ቆሞ ይሆናል።

በአቡጀዲ ጠቀለልኩት። እስከ በዓሉ እንዳይገለጥ አልኩ።

ኅዳር 11፣ ቅዳሜ፣ 11 ሰዓት

ነገ ነው። የጣቢያው ሹም ተጠርቷል፣ ቄሱም፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ሰዎችም። ጋሽ ታፈሰ ዶሮ ወጥ እያሠራሁልህ ነው ብሎ ልኮብኛል። አሳዘነኝ። አንድ ሲጋራ አጭሼ እስክጨርስ ብቻ።

እናቴ ነጠላዋን አጥባ አስጥታለች። ነይ አላልኳትም። በየትኛው በኩል ነው የምንሄደው ብላ ጠየቀችኝ። በበሩ አልኳት።

ጨርቁን እገልጣለሁ። የተጻፈውን አነባለሁ፣ ቀስ ብዬ፣ ስሙን ሁለት ጊዜ። ከዚያ ቀዩ ወንበር ላይ ተቀምጬ ዶሮዬን እበላለሁ። ባቡሩ ያምልጠኝ።