ከጠበሉ ጋር የሚመለስ ክኒን

ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ
ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፣ ለአባ ወልደ ጻድቅ

«አባቴ» ልበል ወይስ «አባ» ብቻ ልበል አላወቅሁም፤ ስለዚህ ሁለቱንም ጻፍሁ። በዚህ በኩል ብርዱ ጠንቷል። እዚያ ውኃው መካከል የባሰ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ጉልበትዎን ያምዎት ነበር። አሁንም ቆመው ነው የሚያድሩት? መጠየቅ ከተፈቀደልኝ ነው።

እማዬ «መነኩሴ ፍትሐት የተደረገለት ሰው ነው፤ ለሞተ ሰው ደብዳቤ አይጻፍም» ትላለች። ይህን እንደምጽፍ አታውቅም። አሁን ቅዳሴ ሄዳለች። ሳትመለስ መጨረስ አለብኝ።

እኔ ደኅና ነኝ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል በኋላ አቁሜአለሁ፤ እማዬ ሆስፒታል ስትተኛ ቤቱን የሚይዝ አልነበረም። በቁመት በልጫታለሁ። ጠባዬ እንደ ተዉኝ ነው፤ ሰው ፊት አሁንም ቃል አይወጣኝም። በወረቀት ግን ትንሽ ይሻለኛል።

አባቴ፣ ባለጀልባው አለበል የነገረዎት እውነት አይደለም። እሱ አልዋሸም፤ የተላከውን ነው ያደረሰው። «ጨጓራዬን አሞኛል፣ ክኒን ሰጥተውኛል በልልኝ» ያለችው እማዬ ናት። ጨጓራዋ ደኅና ነው። የእማዬ ሕመም የጡት ካንሰር ነው። በክረምቱ የግራ ጡቷን ቆርጠው አወጡት።

ይህን ቃል ለመነኩሴ መጻፍ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ሌላ ቃል ፈልጌ ነበር፤ የሚተካው አጣሁ። እርስዎ ወዳሉበት ደሴት ሴት አትሻገርም፤ መልእክታችን ሁሉ በአለበል ጀልባ ነው የሚመጣው። አለበል ጥሩ ሰው ነው፤ ወሬ ግን አያሳድርም። እማዬ ያንን ቃል ለእሱ ልትለው አልቻለችም። ጨጓራ ሁሉም ሰው ያለበት በሽታ ስለሆነ ጨጓራ አለችው።

እሱም እርስዎ የላኩትን ጠበል ይዞ መጣ። ከነዓሣው ነበር የመጣው።

«እትዬ ባንቺአየሁ፣ ከጠበሉ ጎን ተጭኖ ዓሣዬ ሁሉ ተባረከ። ገበያተኛው ዛሬ ተሳልሞ ነው የሚገዛኝ» አላት።

«ቀልዱን ተወውና፣ ምን አሉ?»

«‹ለጨጓራ ክኒን ማብዛት ሆድ ማቃጠል ነው፤ ክኒኑን ትተሽ ጠበሉን በባዶ ሆድ ጠጪ› ብለዋል።»

እማዬ ተነሥታ ጀሪካኑን በሁለት እጇ ተቀበለችው። በግራ እጇ ከባድ ነገር እንዳታነሣ ተከልክላለች። ክኒኑን በዚያው ቀን ከሥዕለ አድኅኖው ኋላ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ አልነካችውም።

እርስዎ ያሉት ለጨጓራ ነው። ለጨጓራ ከሆነ ልክ ይሆናል። ያልተነገርዎትን እንዴት ያውቃሉ?

ስለ ክኒኑ የገባኝን ልጻፍልዎ። በሴት ሁሉ ደም ውስጥ ሆርሞን የሚሉት ነገር አለ። ሴትን ሴት የሚያደርጋት እሱ ነው። በአንዷ ደም ብዙ ነው፣ በሌላዋ ትንሽ ነው። በእማዬ ዕድሜ፣ የወር ነገር ከቆመ በኋላ፣ መጠኑ መውረድ ነበረበት። የእማዬን ደም ወደ አዲስ አበባ ልከው አስለኩት፤ በዕድሜዋ ካሉት ከፍ ያለ ነው ተባለ። ከፍ ያለባት ሁሉ ትታመማለች ማለት አይደለም፤ ለሕመሙ መንገድ ይሰፋለታል እንጂ። ዶክተሩ ይህን ሲናገር እማዬ «ምን ኃጢአት ሠርቼ ነው በደሜ የበዛው?» ብላ ጠየቀችው።

«ኃጢአት አይደለም እናቴ። እምቦጭን አይተዋል?» አላት።

«የጣናን እምቦጭ ያላየ ማን አለ?»

«ሰዉ ወገቡ ድረስ ገብቶ በእጁ ነቀለው አይደል? ግን ከየማሳው የሚታጠበው ማዳበሪያ ውኃው ውስጥ እስካለ ተመልሶ ይበቅላል፤ ምግቡ እሱ ነዋ። እኛም እጢውን ነቅለናል። የቀረ ሥር ካለ የሚመገበው ደምዎ ውስጥ ያለውን ሆርሞን ነው። ክኒኑ ሆርሞኑን አያጠፋውም፤ እጢው እንዳይበላው አፉን ይዘጋበታል። ለዚህ ነው አምስት ዓመት በየቀኑ የሚውጡት።»

እርስዎም እምቦጩ ደሴቱን ሲከብበው ያዩ ይሆናል። አንድ ክረምት ሲተዉት ምን እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

ዶክተሩ ሲናገር እኔ አላለቀስሁም። የመጋረጃውን ስፌት እያየሁ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ ክሩ ተፈትቷል። እስካሁንም አላለቀስሁም። ጎረቤት «ይች ልጅ አንጀቷ ድንጋይ ነው» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ቅር አላለኝም። እጄን ስታጠብ ውኃው ይቀዝቅዝ ይሙቅ ቶሎ አይታወቀኝም፤ እንደዚያ ነኝ።

ከእማዬ ጋር አንድ ጊዜ ብቻ ተነጋግረንበታል። ሽንኩርት እየላጥን ነበር።

«እማዬ፣ እሳቸው እኮ ጨጓራ መስሏቸው ነው» አልሁ።

«ጠበል ደግሞ ይኸ ጨጓራ ነው፣ ይኸ ሌላ ነው ይላል?»

«ጠበሉማ አይልም። እሳቸው ግን ቢያውቁ ክኒኑን ተይ አይሉም ነበር።»

«እና ምን ልበላቸው? ጡቴን ቆረጡኝ ልበል? ለመነኩሴ? ኧረ አንቺ ልጅ፣ ዝም ብለሽ ዝም ብለሽ የምትናገሪው ይኸን ነው?»

መላጡን ቀጠልሁ። እሷም ሽንኩርቱን እንደያዘች «አባትሽ አሰበኝ፣ ዜማ» አለች። ፈገግ ብላ ነበር።

አባቴ፣ እርስዎ ከሄዱ ወዲህ የላኩልን ቃል ይኸ ብቻ ነው። ክኒኑን የተወችው ስለ ጠበሉ አይመስለኝም። ጀሪካኑ ባዶ ሆኗል፤ ግን አጥባ ራስጌዋ አስቀምጣዋለች።

ባለፈው ሳምንት መድኃኒቷን ላመጣ ብቻዬን ሆስፒታል ሄድሁ። የእማዬን ነገር የምትከታተለው ነርስ ሲስተር መሲ ናት። «እየዋጠች ነው?» አለችኝ። እግሬን አየሁ።

«ከአንቺ ቃል ከማውጣት ከድንጋይ ዘይት መጭመቅ ይቀላል። ጠበል ገብታ ነው አይደል?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ጠበል ማን ከለከላት? እኔም እጠጣለሁ። ጠበሉም ክኒኑም የሚወርዱት በአንድ ጉሮሮ ነው። ማን ቢነግራት ትሰማለች?»

«አባቴ።»

«ታዲያ ይምጡና ይንገሯት።»

«ሞተዋል» አልሁ። ከዚያ «ደሴቱ ላይ ናቸው» አልሁ። መሲም እማዬ ክኒኑን የግድ እንደገና እንድትጀምር፣ በቆየች ቁጥር ሕመሙ ጊዜ እንደሚያገኝ ነገረችኝ። ልወጣ ስል መልሳ ጠራችኝና የእኔን ዕድሜ ጠየቀችኝ። ሆርሞኑ በእኔ ዕድሜ ነው የሚጨምረው፣ ይህ የጤና ነው አለችኝ። እናቷ የታመመችባት ልጅ ግን ስታድግ ራሷን መጠበቅ፣ በእጇም እየዳሰሰች ማየት አለባት አለች። እሺ አልሁ። አልዳሰስሁም። ነጠላዬን አጥብቄ ነው የምለብሰው።

አሁን የምለምንዎትን ልጻፍ። ጠዋት አለበል ሲሻገር ይህን ፖስታ እሰጠዋለሁ፤ ታሽጓልና አያነበውም። በውስጡ የእማዬን ክኒን አንድ ቅጠል፣ ክኒኖቹ በየቦታቸው የታሸጉበትን ብልጭልጭ ወረቀት፣ አድርጌአለሁ። ቀሪው እዚሁ አለ። ይጸልዩበትና ከጠበሉ ጋር መልሰው ይላኩልን። ለአለበል ስለ ሕመሟ ምንም አይንገሩት። «ክኒኑን በጠበሉ ትዋጠው» ብቻ ይበሉት፤ ይህን ማንም ቢሰማው አያሳፍርም። እማዬም እኔ እንደጻፍሁልዎ አትጠይቅም። ከእርስዎ እጅ ከመጣ ትውጠዋለች። ድንጋይ ቢልኩላትም የምትውጥ ይመስለኛል።

የምንኩስናዎ ሥርዓት ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ለማን እንደምናገር አላውቅም። ሌላ ሰው አላሰብሁም።

ክኒኑ እርጥበት አይወድም። በላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ፤ እርስዎም እንደዚያው ጠቅልለው ይመልሱት። ለአለበል ከሞተሩ አጠገብ እንዳያስቀምጠው ይንገሩልኝ፤ እኔ ልነግረው አፍራለሁ።

በማኅሌቱ ሲቆሙ የእማዬን ስም ያንሡልን። የእኔን ቢረሱም ግድ የለም፤ ስሜን ያወጡልኝ እርስዎ ስለሆኑ ሲያዜሙ ሁሉ የጠሩኝ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። ጉልበትዎን እግዚአብሔር ያጽናልዎ። የውኃው ነፋስ አይጉዳዎ።

ከደጁ ድምፅ ሰማሁ፤ ቅዳሴው ወጥቷል መሰለኝ።

ልጅዎ ዜማ

ቅጠሉን ሲያዩት ሙሉ አይደለም፤ ቀድሞ የተከፈተ ነው። ባዶ የሆኑት ቦታዎች የእርስዎ ቃል ሳይመጣ በፊት የዋጠቻቸው ናቸው።