ድራየር ወንዝ ውሃ አለው

ለግዛታችን የካርታና የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ፣
ክቡርነትዎ ባሉበት፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎና ለመላው ቤተሰብዎ የተሟላ ጤና፣ ለቢሮዎም ዘወትር ደረቅና ሞቃት መሆንን ከልብ እመኛለሁ። እኔ የኖርድሊ ቀበሌ ጸሐፊ አርሊስ ድራየር ነኝ። ቀበሌያችን በአራቱም ጎን ስድስት ስድስት ማይል የሆነች፣ በማስመሪያ የተሰመረች ሜዳ ናት። አንድ የስብሰባ አዳራሽ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ እንዲሁም ከነዋሪው የሚበልጡ ሰዎች ያረፉበት አንድ መቃብር አላት። መንገደኛ እንኳ ዞር ብሎ ለማያያት ቦታ ውድ ጊዜዎን ስለሠዉ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

አንደኛ፤ ባወጡት መግለጫ ላይ «የኖርድሊ ስፋት በሙሉ መሬት ነው፤ ውሃ የለውም» የሚል ሰፍሯል። ይህን ያነበብነው በመጋቢቱ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ሲሆን፣ በዚያ ቀን በረዶው ቀልጦ ድራየር ወንዝ ስለሞላ ከወዲያ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን መምጣት አልቻሉም። ድራየር የባለቤቴ የዱዌይን ቅድመ አያት ስም ነው። ሠራተኛዎ ግን ስሙን በእንግሊዝኛ ፍቺው «ይበልጥ የደረቀ» ብሎ እንደተረዳው ስደውልለት በትሕትና አስረዳኝ። «እናቴ፣ ወንዙ ራሱ ደረቅ ነኝ እያለ እኛ ምን እናድርግ?» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ያኔ መሳቅ እችል ነበር።

ሁለተኛ፤ የበሰበሰው የእንጨት ድልድያችን እንዲታደስ ለመንገድ መሥሪያ ቤቱ ብናመለክት፣ በካርታዎ መሠረት ውሃ በሌለበት ቦታ ድልድይ እንደማይሠራ ተነገረን። ዱዌይን ነገሩን በቀልድ አሳለፈው፤ «ደረቅ ከሆነማ ጫማዬን ሳላወልቅ እሻገረዋለሁ» አለ። በሚያዝያ፣ ከማዶ ያለው ጎረቤታችን ማይሎ ሰንድክዊስት ለከብቶቹ ድርቆሽ ስላለቀበት፣ ዱዌይን በትራክተሩ ጭኖ ሊያደርስለት ወጣ። ማይሎ ከወዲያ በኩል ቆሞ ይጠብቀው ነበር። የኛ ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ አንድ ጣቱን ከመሪው ላይ ያነሣል፤ ሰላምታችን ይኸው ነው። ማይሎ በቀብሩ ዕለት እጄን ይዞ፣ «ጣቱን አነሣልኝ፤ እኔም አነሣሁለት። ቀና ስል ድልድዩ የለም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ለማንም ጣቱን ሲያነሣ አላየሁትም።

የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች የአሳማ ሥጋ ሳንድዊችና የድንች ሰላጣ አቀረቡ። በላሁ። ምን ምን እንደሚል አላውቅም። ሰዎች አልቅሺ ይሉኛል፤ ግን አይመጣልኝም። ሐዘን እንኳ ቢሰማኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሦስተኛ፤ ሐኪሙ በሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ «ሰጥሞ ሞተ» ብሎ ቢጽፍ፣ መሥሪያ ቤትዎ የሞቱ ምክንያት ከቦታው ጋር ስለማይስማማ ይታረም ብሎ መለሰልን። እስኪታረም ድረስም ባለቤቴ ከነዋሪዎች መካከል እንደሚቆጠር ተገለጸልን። የቀበሌያችን ሕዝብ በአንድ ሰው እንኳ እንዳይቀንስ ላሳዩት ርኅራኄ የሁላችንም ምስጋና ይድረስዎ።

ልመናዬ አጭር ነው። የማይሎ ልጆች ዛሬም ትምህርት ቤት ለመድረስ ያንን ወንዝ ያለ ድልድይ ይሻገራሉ። በመጪው ዓመት በረዶው ከመቅለጡ በፊት እባክዎ ካርታው ላይ አንዲት ቀጭን ሰማያዊ መስመር ያስምሩልን፤ ድልድዩን ያለ እሷ አንሠራላችሁም ብለውናል።

ለክቡርነትዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት ከደረቅ መሬት ላይ ሆኜ እየገለጽኩ፣ ትእዛዝዎን በትዕግሥት የምጠባበቅ፣

አርሊስ ድራየር
የኖርድሊ ቀበሌ ጸሐፊ

ማስታወሻ፤ የሕዝብ ቆጣሪዎ ደውለው የዱዌይን ድራየርን የአሁን መኖሪያ እንዳረጋግጥላቸው ጠይቀውኛል። መሬት ውስጥ ነው። እሱን በተመለከተ መግለጫዎ ስሕተት የለበትም።